የአገሬዋ እናት ዶሮና እንግዳው አውራ

በዋግ፣ በሰቆጣ ከተማና በዙሪያዋ፣ በጋዝጊብላ፣ በደሃና፣ በዝቋላ፣ በሳህላ፣ በአበርገሌ ላላችሁ አድማጮቻችን የዛሬው ዝግጅታችን ስለ ዶሮ ነው። የጓሯችንን ዶሮ ከተሻሻለ ዝርያ ጋር አዳቅለን፣ እንቁላሏ የሚበረክት፣ ሥጋዋም ወጥ የሚሞላ ዶሮ እንዴት እናገኛለን በሚለው ላይ እንነጋገራለን።

ሐሳቤን ከመጀመሪያው ልናገር። ለዋግ የሚበጀው የአገራችንን ሴት ዶሮ በእናትነት ይዞ፣ አውራውን ብቻ ከተሻሻለ ዝርያ ማምጣት ነው። የአገሬውን ዶሮ ጨርሶ ከግቢ አስወጥቶ በውጭ ዝርያ መተካት ግን፣ ውሃና መኖ በሚያጥርበት በእኛ አካባቢ፣ ለብዙው ቤተሰብ ኪሳራ ነው ብዬ አምናለሁ። ምክንያቴን ልዘርዝር።

ዶሮ ለሰሜኑ ደጋ የትናንት እንግዳ አይደለችም። ከእኛ በስተሰሜን በትግራይ፣ መዝበር በሚባል ከአክሱም መንግሥት በፊት ሰው ይኖርበት በነበረ ሥፍራ፣ ተመራማሪዎች ቆፍረው የዶሮ አጥንት አግኝተዋል። እ.ኤ.አ. በ2016 ባሳተሙት ጥናት መሠረት ዶሮ ወደዚህ አካባቢ ከገባች ከ2,500 ዓመት በላይ ሆኗታል። ያን ሁሉ ዘመን ድርቁን፣ በሽታውን፣ ጭልፊቱንና ሽለምጥማጡን ተቋቁማ የተረፈችው ናት ዛሬ በየደጃችን የምትጭረው። ምግቧን በአብዛኛው ራሷ ትለቅማለች። ጭልፊት ሲያንዣብብ ጮኻ ጫጩቶቿን በክንፏ ሥር ትሰበስባለች። ታቅፋ ትፈለፍላለች፣ ፈልፍላም ታሳድጋለች። በዚህ ሁሉ ድካሟ ከእኛ የምታገኘው አንድ እፍኝ ጥሬና ማታ የምታድርበት ጥግ ነው። በሰሜኑ ጦርነትና በድርቁ ከብቱን አጥቶ ወደ ቀየው የተመለሰ ቤተሰብ ሀብቱን እንደገና ለመጀመር በመጀመሪያ የሚያስበው ስለ እሷ መሆኑም ያለ ምክንያት አይደለም። ለአንዲት ጊደር የሚሆን ገንዘብ የሌለው ሰው ለሁለት ቄብ የሚሆነውን አያጣም።

ጉድለቷም ግልጽ ነው። የአገራችን ዶሮ በዓመት የምትጥለው ከ40 እስከ 60 እንቁላል ነው። እሱንም ሦስትና አራት ጊዜ ከፍላ ትጥለዋለች። አንድ ዙር ደርዘን ወይም ትንሽ ከዚያ የሚያልፍ እንቁላል ጥላ ትታቀፋለች፣ 21 ቀን ትተኛለች፣ ከዚያም ጫጩቶቿን ይዛ ሁለት ወር ያህል ትዞራለች። በዚህ ሁሉ ጊዜ እንቁላል የለም። ከተፈለፈሉት ጫጩቶችም ግማሽ የሚሆኑት ሁለት ወር ሳይሞላቸው ይሞታሉ። ወንዱም ለገበያ እስኪደርስ ሰባትና ስምንት ወር ይፈጃል።

እንግዲህ ማዳቀል የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። በቅሎን የማያውቅ የዋግ ሰው የለም። ከፈረስና ከአህያ ተወልዳ፣ ገደሉን ስትወጣ ከሁለቱም ወላጆቿ የምትበረታ ናት። በዶሮም ደማቸው የተራራቀ ሁለት ዝርያዎች ሲገናኙ፣ አንዱ ወገን የደከመበትን ሌላው ስለሚሸፍንለት፣ የመጀመሪያው ትውልድ ይበረታል። ይህ ብርታት በደንብ የሚታየው ጫጩቱ በሕይወት በመቆየቱ፣ በእንቁላሉ ቁጥርና በመፈልፈሉ ላይ ነው። የሰውነት ክብደት ግን በአብዛኛው ከአባትና ከእናት መካከል ላይ ይውላል። በአግባቡ የተያዘች የመጀመሪያ ትውልድ ድቅል በዓመት ከ100 በላይ እንቁላል ልትጥል ትችላለች። ወንዱም ከአገሬው ወንድ ቀድሞ ለገበያ ይደርሳል።

በቅሎ አትወልድም። ድቅል ዶሮ ግን ትወልዳለች፣ ችግሩም ከዚህ ይመጣል። ድቅሉን ከድቅል ብታገናኙት፣ ያ ከሁለቱ ደሞች መገናኘት የመጣው ተጨማሪ ብርታት በሁለተኛው ትውልድ በግማሽ ይቀንሳል። ጫጩቶቹም አንዱ አያቱን፣ ሌላው አክስቱን እየመሰለ የተዘበራረቀ ነገር ይሆናል። ብዙ ሰው «የተሻሻለ ዶሮ አምጥቼ ነበር፣ በሁለተኛው ዓመት ጠፋብኝ» የሚለው በዚህ ምክንያት ነው። ዶሮዋ አልጠፋችም፣ ድቅልነቷ ነው የሟሟው።

ይህ ሥራ በአገራችን አዲስ አይደለም። የውጭ ዝርያዎች በብዛት መግባት የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በአለማያና በጅማ የግብርና ትምህርት ቤቶች በኩል ነው። ሮድ አይላንድ ሬድ፣ ነጩ ሌግሆርን፣ አውስትራሎርፕ፣ ኒው ሃምፕሻየር ያኔ መጡ። በኋላ መንግሥት የዶሮ ማባዣ ማዕከላትን ከፈተ። በእኛ ክልል ኮምቦልቻና አንዳሳ ይታወቃሉ፣ ከእነሱም ቀዩ ሮድ አይላንድና የግብፁ ፋዩሚ ለገበሬው ይከፋፈል ነበር። ከጫጩቶቹ ሌላ አውራ እየሰጡ የአገሬውን አውራ አስወግዱ የሚል መርሐ ግብርም ነበር። ሐሳቡ መልካም ነበር። ነገር ግን ገበሬው የራሱን አውራ ቢያስወግድ የጎረቤቱ አውራ አጥሩን ዘልሎ ይመጣል። የተሰጠው አውራ ያለ ክትባትና ያለ ቤት የገባ እንደሆነም የመጀመሪያው የፈንግል በሽታ ይዞት ይሄዳል። ማን ከማን እንደተወለደ የሚመዘግብም አልነበረም። የአገሬውን ዶሮ ራሱን መርጦ ማሻሻል ደግሞ ለብዙ ዓመታት ከነጭራሹ አልታሰበም።

ያ መታሰብ የጀመረው በቅርቡ ነው። ዶክተር ሃሊማ ሐሰን እ.ኤ.አ. በ2007 ባጠናቀቁት ጥናት ከሰሜን ምዕራብ አማራ ከጥሊሊ፣ ከደብረ ኤልያስ፣ ከጓንጓና ከሌሎችም ቦታዎች የተሰበሰቡ የአገር ዶሮዎችን አንድ ቦታ አሳድገው አወዳድረዋል። «የሀበሻ ዶሮ» እያልን በአንድ ስም የምንጠራት አንድ ዓይነት አይደለችም፣ ከቦታ ቦታ በእድገትም በእንቁላልም ትለያያለች። በ2000 ዓ.ም. ገደማ ደግሞ የደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል፣ ከዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋምና ከሆላንዱ ዋግኒንገን ዩኒቨርሲቲ ጋር፣ የወለጋን የሆሮ ዶሮ ያለ ምንም የውጭ ደም፣ በመምረጥ ብቻ ማሻሻል ጀመረ። መስፈርቱ ሁለት ነበር፦ በ16ኛው ሳምንት ያለው ክብደትና እስከ 45ኛው ሳምንት የተጣለው እንቁላል። በየትውልዱ የበለጡትን እየለዩ ሲያራቡ በሁለቱም በኩል ለውጥ መጣ። ዶክተር ታደለ ደሴ የመሩት የአፍሪካ የዶሮ ዝርያ ማሻሻያ ፕሮጀክትም ይህንኑ የተሻሻለ ሆሮ ከውጭ ከመጡት ከሳሶ፣ ከኩሮይለርና ከኮኮክ ጋር በገበሬው ጓሮ አስገብቶ ፈትኖታል።

የሆሮው ሥራ ለእኛ የሚያስተምረው ትልቅ ነገር አለ። አውራውን ከማምጣታችሁ በፊት እናቶቹን ምረጡ። ይህንን ማንኛዋም የቤት እመቤት ያለ ሚዛንና ያለ መዝገብ ልታደርገው ትችላለች። በእያንዳንዷ ዶሮ እግር ላይ የተለያየ ቀለም ያለው ክር እሰሩ። ቶሎ ቶሎ የምትጥለዋ የትኛዋ ናት? ጫጩቶቿን ሳታስበላ የምታሳድገውስ? ስትይዟት ከጅራቷ ሥር ሁለቱን ሹል አጥንቶች በጣታችሁ ዳስሱ። በመካከላቸው ሁለት ወይም ሦስት ጣት የሚያስገቡ ከሆነ እንቁላል በመጣል ላይ ያለች ናት። አንድ ጣት እንኳ የማያስገቡ ከሆነ አቁማለች፣ ወይም ገና አልጀመረችም። በቆላው፣ በአበርገሌና በዝቋላ በኩል ያላችሁ ደግሞ አንገቷ መላጣ የሆነችውን አትናቋት። ያ መላጣነት ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፍ ነው፣ ከሁለቱ ወላጆች አንዱ ቢኖረው እንኳ በልጁ ላይ ይታያል። ላባዋ ስለሚያንስ ሙቀቱን በቀላሉ ታስወጣለች፣ ለላባ የሚሄደውም ምግብ ለሌላ ይተርፋታል። በቆላ ለማዳቀል ከእሷ የተሻለች እናት ለማግኘት ይከብዳል።

አሁን ወደ አውራው እንምጣ። ሰው ሁሉ ትልቁን ይፈልጋል። እኔ ግን ለዋግ ትልቁን አልመክርም። ሰውነቷ የገዘፈ ዶሮ እንቁላል ሳትጥል እንኳ፣ ለመኖር ብቻ ብዙ ትበላለች። ከዚህም በላይ የሥጋና የእንቁላል ዘር እርስ በርሳቸው ይቃረናሉ። ለክብደት ብቻ እየተመረጠ የመጣ ዘር እንቁላሉ ይቀንሳል፣ ለእንቁላል ብቻ የተመረጠው ደግሞ ሥጋ አይኖረውም። የሁለቱን መካከል ነው የምንፈልገው። ሌላም መታወቅ ያለበት ነገር አለ። ሳሶና ቦቫንስ ብራውን የሚባሉት የውጭ ዶሮዎች ራሳቸው ድቅሎች ናቸው። ኩባንያዎቹ ከበርካታ ዘሮች አዳቅለው የሚሸጧቸው ለአንድ ትውልድ ነው። መኖና ቤት ላለው ሰው ሳሶን ገዝቶ አሳድጎ መሸጥ ጥሩ ሥራ ነው። የሳሶን አውራ ለዘር ማስቀመጥ ግን ከላይ የነገርኳችሁን የመዘበራረቅ ችግር ወደ ቤት ማስገባት ነው። ለአባትነት የሚሻለው ዘሩ የጸና ዝርያ ነው፦ ሮድ አይላንድ ሬድ፣ ፋዩሚ ወይም ኮኮክ።

ከእነዚህ ውስጥ እኔ ወደ ኮኮክ አደላለሁ። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በደቡብ አፍሪካ፣ ፖቸፍስትሩም በሚባል ከተማ ባለ የግብርና ኮሌጅ፣ ለገጠር ጓሮ ታስቦ የወጣ ዝርያ ነው። ከገብስማችን ጋር የሚመሳሰል፣ ጥቁርና ነጭ ዝንጉርጉር ነው። ይህ ዝንጉርጉርነቱ ደግሞ መዝገብ ይሆንላችኋል። ንጹሕ የኮኮክ አውራ መልኩን ለወንዱም ለሴቷም ልጅ ያወርሳል። ስለዚህ ከቀይ ወይም ከጥቁር የአገር ዶሮ የሚወለዱት ጫጩቶች አብዛኛዎቹ ጠቆር ብለው አናታቸው ላይ ነጭ ነጥብ ይዘው ይፈለፈላሉ፣ ላባ ሲያወጡም ይዥጎረጎራሉ። ከመካከላቸው ጥርት ያለ ቀይ ጫጩት ካያችሁ የጎረቤት አውራ ገብቷል ማለት ነው። ሮድ አይላንድም የራሱ ጥቅም አለው። ልጆቹ ቀላ ይላሉ፣ ለበዓል ገበያ ቀይ አውራ ምን ያህል እንደሚወደድ ደግሞ እናንተ ከእኔ በላይ ታውቃላችሁ።

አውራው ሲመጣ ወዲያውኑ እንቁላል አታስታቅፉ። ሴት ዶሮ ከአውራ የወሰደችውን ዘር በሆዷ እስከ ሁለትና ሦስት ሳምንት ታቆየዋለች። የቀድሞው አውራ ቢታረድ ወይም ቢሸጥ እንኳ ለተወሰነ ጊዜ የምትጥለው የእሱን ልጆች ነው። ስለዚህ አሮጌውን አውራ አስወጡ፣ አዲሱን አስገቡ፣ ሦስት ሳምንት ጠብቁ፣ ከዚያ በኋላ የሚጣለውን እንቁላል ለዘር ሰብስቡ። በመካከሉ ያለውን ብሉት፣ ሽጡት። አንድ አውራ ለ8 ወይም ለ10 ሴት ይበቃል። ወጣቱን ምረጡ፣ ከባድና ያረጀ አውራ የትንሿን የአገር ዶሮ ጀርባ ይልጣል። ከትከሻዋ ላይ ላባው ሲረግፍ ካያችሁ ለጥቂት ቀን ለዩት።

ለዘር የሚቀመጥ እንቁላል ከአንድ ሳምንት ባይበልጥ ይመረጣል። በቀዝቃዛ ቦታ፣ ሹሉ ጫፍ ወደ ታች ሆኖ ይቀመጥ። አይታጠብ፣ ሲታጠብ ከላዩ ያለው መከላከያ ስለሚለቅ ጀርም ይገባል። እናቲቱ የአገር ዶሮ ስለሆነች እንቁላሉም ትንሽ ነው፣ የለመደችውን 12 ያህል በቀላሉ ትታቀፋለች። በሰባተኛው ቀን ማታ ቤቱን አጨልማችሁ እንቁላሉን በእጅ ባትሪ ብርሃን ላይ ያዙት። እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ ቀይ ሥር ከታየ ጫጩት አለው። ጥርት ብሎ ካሳለፈ ባዶ ነው፣ አውጡት። ባዶው ብዙ ከሆነ አውራው ላይ ችግር አለ፣ ወይም እንቁላሉ አርጅቶ ነበር።

ጊዜውን መምረጥ ከዝርያው ባልተናነሰ ይጠቅማል። በሑዳዴ ጾም የእንቁላል ዋጋ ይወርዳል፣ ያኔ ከመሸጥ ማስታቀፍ ይሻላል። ዝናቡ ሳይመጣ የተፈለፈለ ጫጩት ከክረምቱ ጫጩት ይልቅ የመትረፍ ዕድል አለው። ለፋሲካ ገበያ ድቅል አውራ ማድረስ የፈለገ ደግሞ በጥቅምት ማስፈልፈል አለበት።

የተወለዱት ድቅሎች ሲያድጉ ወንዶቹን በሙሉ ሽጡ ወይም እረዱ። አንድም እንኳ ለአውራነት አይቀመጥ። ሴቶቹ እንቁላል ይጣሉ፣ እንቁላላቸው ለምግብና ለገበያ ይዋል። የመታቀፍ ፍላጎታቸው ከእናታቸው ያነሰ ነው፣ ብዙ የሚጥሉትም በከፊል በዚሁ ምክንያት ነው። ስለዚህ የሚታቀፉት እናቶች፣ የአገሬዎቹ፣ ከግቢው መጥፋት የለባቸውም። እነሱን የሚተኩ ቄቦች ከየት ይመጣሉ ካላችሁ፣ መልሱ በአንድ ቤት አይገኝም፣ በጎጥ ደረጃ ግን ይገኛል። አንድ ጎጥ ውስጥ ያሉ ቤተሰቦች ተነጋግረው፣ ራቅ ብሎ ያለ አንድ ቤት ንጹሕ የአገር አውራና የተመረጡ የአገር ሴቶች ብቻ ይያዝ። ሌሎቹ ቤቶች ኮኮኩን ወይም ቀዩን አውራ ይያዙ፣ የአገር ቄብ ሲፈልጉ ከዚያ ቤት ይግዙ ወይም ይለዋወጡ። አውራውንም በየዓመቱ ተለዋወጡት፣ ከልጆቹ ጋር ተዛምዶ ዘሩ እንዳይደክም። የሰቆጣ ደረቅ ምድር ግብርና ምርምር ማዕከልም ሆነ የወረዳችሁ የእንስሳት ሀብት ጽሕፈት ቤት፣ አንድ ሰው ብቻውን ከሚጠይቅ አንድ ጎጥ ተስማምቶ ቢጠይቅ ማገዝ ይቀላቸዋል።

ስለ መኖ አጠር አድርጌ ልናገር። ድቅሏ ከአገሬዋ የበለጠ ስለምትጥል ለቅማ ከምታገኘው ሌላ መጨመር ያስፈልጋል። ማሽላ ኃይል ይሰጣታል፣ ለእንቁላል ግን ብቻውን አይበቃም። ፉርሽካ፣ የኑግ ፋጉሎ፣ የጥራጥሬ ግርድ፣ የጠላ አተላ ቢቀላቀል መልካም ነው። በተከዜ ሐይቅ አካባቢ ያላችሁ ዓሣ አጥማጆች የምትጥሉት የዓሣ አንጀትና ጭንቅላት ተቀቅሎ፣ ደርቆ፣ ተፈጭቶ በጥቂቱ ቢጨመር ከብዙ የተገዛ መኖ ይበልጣል። ከበዛ ግን እንቁላሉ ዓሣ ዓሣ ይላል። የእንቁላል ቅርፊትም አትጣሉ፣ ቆልታችሁ አድቅቃችሁ መልሱላት። ቅርፊቱ የሳሳ እንቁላል የምትጥል ዶሮ ይህን እየለመነቻችሁ ነው። የውሃውን ነገር አደራ። እንቁላል በአብዛኛው ውሃ ነው፣ በቆላ ቀን ሙሉ ውሃ ያጣች ዶሮ መጣሏን ታቆማለች።

ለጫጩቶቹ ደግሞ መብራት የሌለበት ቤትም የሚሠራው የጭድ ሣጥን አለ። በሣጥኑ መካከል ለጫጩቶቹ ክፍት ቦታ ይተዋል፣ ግድግዳው ዙሪያውን በጭድ ይጠቀጠቃል፣ ከላይም የጭድ ክዳን ይደረግለታል። የራሳቸው ሙቀት ስለማይወጣ ደጋ ላይ እንኳ ያለ ከሰል ያድራሉ። ጫጩቶቹን ወደ ሣጥኑ የወሰደ ሰው እናቲቱን ነጻ ያወጣታል፣ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ተመልሳ ትጥላለች። እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ አውራ ከመግዛት በፊት ይህ ሣጥን ቢሠራ ይሻላል።

ይህን ሁሉ የምለው ስለ ገበያ ብቻ አስቤ አይደለም። በ2007 ዓ.ም. መንግሥት በ2022 ዓ.ም. ገደማ የሕፃናትን መቀንጨር ለማስቀረት የገባው ቃል የሰቆጣን ስም ይዞ «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ተብሏል። በየጓሮው የሚጣለው እንቁላል የዚያ ቃል ኪዳን አንዱ መሣሪያ ነው። በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብርም እንቁላልና ዶሮን ከዋና ዋና ሥራዎቹ መካከል ቆጥሯቸዋል። እናቶች ሆይ፣ ድቅሏ ከምትጥለው ውስጥ ስድስት ወር ያለፈውን ሕፃን ድርሻ አስቀድማችሁ ለዩ፣ ቀሪው ገበያ ይውጣ። በጾም ወቅትም ቢሆን ሕፃን አይጾምም።

የመጨረሻው ነገር ፈንግል ነው። አረንጓዴ የሚያስቀምጣት፣ አንገቷን የሚጠመዝዛት፣ በሁለትና በሦስት ቀን ግቢውን ባዶ የሚያደርገው በሽታ። መድኃኒት የለውም፣ ክትባት ግን አለው። ቢሾፍቱ ያለው የእንስሳት ክትባት ማምረቻ ተቋም ያመርተዋል። ለጫጩት በመጀመሪያው ሳምንት ኤችቢ ዋን የሚባለው በዓይን ይንጠባጠባል፣ በአራተኛው ሳምንት ገደማ ላሶታ በመጠጥ ውሃ ይሰጣል፣ ከዚያም በየሦስት ወሩ ይደገማል። ሙቀት የሚችል፣ አይ ቱ የሚባል ዓይነትም አለ፣ ማቀዝቀዣ ለራቀው ለቆላው ይመቻል። በዓይን ሲሰጥ ዶሮዋን አጋድማችሁ ያዙ፣ አንድ ጠብታ በአንዱ ዓይን ላይ ጣሉ፣ ዓይኗን እስክትጨፍንና ጠብታው እስኪገባ አትልቀቋት። በውሃ ሲሰጥ ክሎሪን ያለበት የቧንቧ ውሃ አይሁን፣ ክትባቱን ይገድለዋል።

አንዱ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ የሚበቃ ነው፣ ከተበጠበጠ በኋላም በሰዓታት ውስጥ ማለቅ አለበት። ለዚህ ነው አንድ ሰው አምስት ዶሮ ይዞ ቢሄድ ባለሙያው ለመክፈት የሚያቅማማው። ስለዚህ የፊታችን እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስትወጡ ከጎጣችሁ ሰዎች ጋር ተቀመጡ፣ የሁላችሁንም ዶሮ ቆጥሩና ቁጥሩን ለቀበሌው የእንስሳት ጤና ባለሙያ አድርሱ፣ የክትባቱንም ቀን ቁረጡ። አዲሱ አውራ ወደ ግቢያችሁ የሚገባው ከዚያ ቀን በኋላ ይሁን።